የግራጫው ጠባሳ

«እውነቱን ንገሪኝ። እናቴ ናሙናዎቹን ልትወስድ የመጣች ዕለት ቤት ነበርሽ አይደል?»

ሪትሱኮ ይህን ስትጠይቅ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ ገብቷል፣ ሌላው ገና በካልሲ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት ያበቃው በስድስት ሰዓት ነበር። ተማሪው ሁሉ ጫማ መደርደሪያው ጋ እየተጋፋ የክፍል ጫማውን አውልቆ የውጪውን ያጠልቃል። ሱሚኮ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። ክሩ ግን ቀድሞውኑ ታስሮ ነበር።

«ነበርኩ» አለች።

«እና ግራጫው አሻንጉሊት ፊት ላይ ያ መስመር ነበረ ወይስ አልነበረም?»

«የቱ መስመር?»

«ኧረ ባክሽ! ሰፈሩ በሙሉ ሌላ ወሬ የለውም፤ አንቺ የቱ መስመር ትያለሽ? ከግራ ዓይኑ ወረድ ብሎ ጉንጩን የሰነጠቀው ነዋ!»

«አላስተዋልኩም።»

«አላስተዋልሽም?» ሪትሱኮ ሁለተኛውን ጫማ በእጇ እንደያዘች ቀና አለች። «የመምህሯ ቀሚስ ላይ ቁልፍ ሲለወጥ ከኋላ ወንበር ሆነሽ የምታይ ልጅ፣ ይሄን አላስተዋልሽም?»

«ቸኩዬ ነበር እኮ።»

ሪትሱኮ ጫማውን አጠለቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ከኩባንያው ተደወለ። እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ብሩሽ ናሙናው ላይ አዳልጧት ነው ይላሉ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ናሩሴ እናንተ ቤት ይመጣል። ናሙናውን ከእጇ ሊወስድ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይዛዋለች እኮ፣ ሱሚ! ‹ዓይኗ ጠፍቷል› ከተባለች በኋላ ደግሞ ማን ሥራ ይሰጣታል? እሷ አላደረገችውም። ስትወስደው እንደዚያ ነበር ብላ ለኔ ነግራኛለች። ለሌላ ሰው ግን አትናገርም።»

«ለምን አትናገርም?»

«ናሙናው ላይ ያለው የአባትሽ ማኅተም ነዋ። ኮሞሪን ልክሰስ እንዴ ትላለች።»

ሱሚኮ ቦርሳዋን አንስታ በሩን ወጣች። ብርዱ ጆሮዋን ሲመታት ጆሮዋ ቀድሞም እየነደደ እንደነበር ገባት።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። በእነሱ ሰፈር፣ ካትሱሺካ፣ ከናካጋዋ ወንዝ ወዲህ ባሉት ጠባብ መንገዶች፣ የአሻንጉሊት ሥራ የማይገባበት ቤት አልነበረም። አንዱ ቤት የመዳብ ቅርጽ ውስጥ ቪኒል የሚባለውን ፕላስቲክ አፍስሶ በጋለ ዘይት ይነክርና፣ ገና ትኩስ ሳለ በጉጠት ጎትቶ ያወጣል። ሌላው ክንድና እግር ይገጥማል። አሥራ አራት ሴቶች ደግሞ በየቤታቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው ዓይንና ቅንድብ፣ ቀበቶና ጓንት ይቀባሉ። የሱሚኮ አባት ቶኪሳቡሮ ኮሞሪ የሁሉም መነሻ ነው። የመጀመሪያውን አሻንጉሊት ከሰም የሚቀርጸው እሱ ነው። ከቅርጹ የወጣውን የመጀመሪያ ቪኒልም ራሱ ቀብቶ፣ እግሩ ሥር ቀይ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ያ ናሙና ይባላል። እትዬ ኡጋጂን፣ የሪትሱኮ እናት፣ ናሙናውን ተቀብለው በየቤቱ ያዞራሉ፤ ሴቶቹም እሱን እያዩ ይቀባሉ።

ናሙና አይጠየቅም። አንድ ዓመት የእንቁራሪት ናሙና ላይ ከብሩሽ የወጣች ፀጉር ተጣብቃ ደርቃ ቀርታ ነበር። ሴቶቹ በሰባት መቶ እንቁራሪቶች አፍንጫ ላይ አንድ አንድ ጥቁር ፀጉር ሳሉ። ቀጭን፣ ወደ ቀኝ የታጠፈች። «ይህች ነገር ምንድን ናት?» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅበታል፤ ግን ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

ባለፈው ዓመት ጸደይ ኩባንያው አዲስ የጀግኖች ስብስብ አቀደ። ስሙ «የማዕበል አምስቱ» ነበር፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ አረንጓዴውና ግራጫው። ዕቅዱን ይዞ የመጣው አቶ ናሩሴ ነበር። ጠረጴዛውን የሚሸፍን ወረቀት ዘርግቶ፣ «ኮሞሪ፣ እንደፈለግህ ሥራቸው!» ብሎ ነበር። ሱሚኮ አባቷን እንደዚያ ሲደሰት አይታው አታውቅም። አምስት የተለያየ ገላ ሠራ። ቀዩ ደረተ ሰፊ፣ ቢጫው ቦርጫም፣ አረንጓዴው እንደ ቀርከሃ ረጅም ነበሩ። ግራጫው ደግሞ አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው ነበር።

«ይሄኛው አንዴ ክፉኛ ተመትቶ የወደቀ ነው» አላት አባቷ። «ወድቆ ሲነሳ እንደዚህ ሆኖ ተነሳ።»

ከዚያ ነዳጅ ተወደደ። ሰው ለመጸዳጃ ወረቀት ሳይቀር በየሱቁ መሰለፍ ጀመረ። ቪኒል የሚሠራው ከነዳጅ ነውና ቪኒልም ጠፋ። አቶ ናሩሴ በታኅሣሥ ተመልሶ መጣ፤ የቀረበለትን ሻይ እንኳ አልነካም። «አምስት ገላ አንችልም» አለ። «አንድ ገላ፣ አምስት ራስ። የሚለያቸው ቀለምና ፊት ይሁን።» የቀዩ ገላ ለሁሉም ሆነ። አባቷ ሌሎቹን አራት የሰም ገላዎች አንድ በአንድ ድስት ውስጥ ከትቶ አቀለጣቸው። የግራጫው የተዘነበለ ትከሻም አብሮ ቀለጠ።

ያ ሳይበቃ ከአንድ ወር በኋላ ሌላ ለውጥ መጣ። ኩባንያው በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ሥዕሎቹን ለእናቶች አሳይቶ ነበር። እናቶቹ ጠባሳውን አልወደዱትም። «የተሸነፈ ጀግና ማን ይገዛል?» አለ ናሩሴ፤ እሱም እያፈረ። ሱሚኮ በሩ ሥር ቆማ ነበር። አባቷ በሻማ ያጋላትን ትንሽ ቢላ የግራጫው ጉንጭ ላይ አሳርፎ ጠባሳውን ሲደመስሰው አየች። ሲጨርስ ቢላዋን ጠረገና እጁን ሊታጠብ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ፣ አምስቱ ናሙናዎች ተቀብተውና ታትመው ጠረጴዛው ላይ ሲደርቁ፣ አባቷ ወደ ሰፈሩ መታጠቢያ ቤት ሄደ። ሱሚኮ ግራጫውን አነሳች። ከቀጭን ብሩሾች ሁሉ ቀጭኑን መረጠች። ከአረንጓዴው ቦቲ የተረፈ ቀለም ላይ አንድ ጠብታ ቀይ ጨምራ ቡናማ በጠበጠች፤ ትንፋሿን ይዛ አንድ ጊዜ አሰመረች። አባቷ ተመልሶ ሲያይ ይስቅ ይሆናል ብላ ነው። ቢቆጣ ደግሞ በቲነር ጠረግ ማድረግ ነው። ጥጥ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

የእትዬ ኡጋጂን ብስክሌት ሲንቋቋ የሰማችው ጓዳ ሆና ነበር። ዝናብ ሊመጣ ነው ብለው ከቀጠሯቸው አንድ ቀን ቀድመው መጥተዋል። እናቷ ናሙናዎቹን በጋዜጣ ጠቅለል ጠቅለል አድርጋ ሰጠቻቸው። ሱሚኮ ጥጡን ይዛ ስትወጣ ጠረጴዛው ባዶ ነው። በሩን ከፍታ ስትሮጥ ብስክሌቱ ከመንገዱ ጫፍ ሲታጠፍ ደረሰች።

ነገ እነግራቸዋለሁ አለች። በማግሥቱ ደግሞ ራሳቸው አይተው ይመልሱታል አለች። በሦስተኛው ቀን በእማማ ካንቤ መስኮት በኩል ስታልፍ በእንጨት ላይ የተሰኩ ጭንቅላቶች አየች። ሁሉም ግራ ጉንጫቸው ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር አላቸው። ከዚያ ወዲያ ለመናገር ያሰበችበት ቀን ሁሉ ከትናንቱ ይልቅ የከበደ ሆነ። አሁን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጭንቅላቶች ጠባሳ አላቸው።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አይሠራም። እናቷ የተጠበሰ ድንች በሩዝ አቅርባለች፤ የሱ ሳህን እንዳለ ነው።

«አንተ» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «ለኔ ብቻ ንገረኝ። አንተ አይደለህማ?»

«ምኑን?»

«ጠባሳውን። ይፋቅ ሲሉህ ከፍቶህ ነበር። እልህ ይዞህ ከሆነ…»

አባቷ የሳቀ መሰለ፤ ግን ሳቅ አልነበረም። «ሠላሳ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ እንዲህ ብለሽ ከጠየቅሽኝ፣ ናሩሴማ ምን ይል? ብፈልግ ኖሮ ፊት ለፊት አልፍቅም እለው ነበር። ፍቄ ሰጥቼ፣ በማኅተሜ ተሸሽጌ አጭበረብራለሁ?»

«እኔ እንኳ…»

«ይኼ ልጅ ብቻ ነው የቀረኝ» አለ አባቷ። ግራጫውን ማለቱ ነው። «ገላውን ወሰዱ፣ ጠባሳውን ወሰዱ። ፊቱ ቀረ። ቢያንስ ፊቱ ሱቅ ደርሶ ልየው።»

ሱሚኮ ቾፕስቲኩን አስቀመጠች። «አባዬ…»

«ብይ። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ነው።»

በላች ማለት ይከብዳል፤ ሩዙን ከሳህኑ አንድ ጥግ ወደ ሌላው አጋዘችው እንጂ።

አቶ ናሩሴ በሰዓቱ መጣ። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው የሚመስል፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። እትዬ ኡጋጂን ግን ቀድመው ደርሰው ሳር ምንጣፉ ላይ በጉልበታቸው ተቀምጠዋል፤ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ አዲሱን መነጽራቸውን አድርገው። ሪትሱኮ ከኋላቸው ናሙናዎቹን የያዘ ካርቶን ታቅፋለች። ሱሚኮን አላየቻትም፤ ወይም ማየት አልፈለገችም።

ናሩሴ ከካርቶኑ ግራጫውን አውጥቶ ለአባቷ አቀበለው። «አንተ ራስህ እየው» አለ።

አባቷ ወደ መስኮቱ ዞሮ ናሙናውን ብርሃን ላይ ያዘው። ለረጅም ጊዜ አየው። አውራ ጣቱ በመስመሩ ላይ ሄደ፤ ተመልሶም ሄደ። ሱሚኮ ሻይ የያዘ ትሪዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ ኩባያዎቹ እንዳይንቀጫቀጩ በአውራ ጣቶቿ ተጫነቻቸው።

«እንግዲህ ሁለት መንገድ ነው ያለው» አለ ናሩሴ አፍንጫውን በመሐረብ እየጠረገ። «ስህተቱ ከቀቢዎች ከሆነ፣ የቆዳ ቀለም ይደረብበትና በአራት ቀን ይስተካከላል። ግራጫውም አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲከፈት ከወንድሞቹ ጋር ሱቅ ይገባል። ናሙና ያዥ ብቻ ይለወጣል። ከናሙናው ከራሱ ከሆነ ግን፣ ኮሞሪ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ታትሞ የወጣ ናሙና ካልታመነ አምስቱም እንደገና ይመርመሩ ይባላል። ለዚያ ጊዜ የለንም። አለቆቼ ደግሞ ድሮም ግራጫውን የሚጥሉበት ሰበብ ነው የሚፈልጉት። አራት ራስ ከአምስት ራስ ይረክሳል።»

ውጪ የሆነ ሰው ብስክሌቱን እያፏጨ ነድቶ አለፈ።

ከዚያ እትዬ ኡጋጂን መነጽራቸውን አወለቁ፤ አጥፈው ጎናቸው አኖሩ። ሁለቱን መዳፎቻቸውን ምንጣፉ ላይ ዘርግተው ግንባራቸው እጃቸውን እስኪነካ አጎነበሱ።

«የኔ እጅ ነው» አሉ። «ዓይኔ ደክሟል። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«እማዬ!» ሪትሱኮ ካርቶኑን ለቀቀችው። «አላደረግሽውም እኮ! ለምን ትዋሻለሽ?»

«ዝም በይ አንቺ።»

«ስትወስጂው እንደዚያ ነበር ብለሽኝ…»

«ሪትሱኮ! ትላልቅ ሰዎች እያወሩ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ። የሱሚኮ እናት ስትተነፍስ ተሰማ። ናሩሴም ትከሻው ወረደ፤ ማንንም ማስጨነቅ ሳያስፈልገው ማለቁ ደስ ብሎታል። ብዕሩን ከፈተ። «ጥሩ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሰው ነን» አለ እየጻፈ። «ልጄ፣ ሻዩን አምጪልን እስቲ።»

ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ሱሚኮ ትሪውን ብታስቀምጥና ብትወጣ ግራጫው ሱቅ ይደርሳል፤ አባቷም ፊቱን ያያል። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ እሱን ደግሞ ስምንት ቀን ሙሉ ስታደርገው ቆይታለች። እትዬ ኡጋጂን ግን እንዳጎነበሱ ነበሩ። ማንም ቀና ይበሉ አላላቸውም። ሱሚኮ የሚታያት ጀርባቸውና በማበጠሪያው መንገድ ለሁለት የተከፈለው ነጭ የጣለበት ጸጉራቸው ነው።

ትሪውን መሬት አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ቀና ይበሉ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «መስመሩን የሳልኩት እኔ ነኝ።»

ናሩሴ ብዕሩን ሳያነሳ ፈገግ አለ። «አየህ ኮሞሪ፣ ልብ ያላት ልጅ ነው ያለችህ። ለጓደኛዋ እናት ብላ ነው።»

«ለማንም ብዬ አይደለም። ሐሙስ ዕለት፣ አባዬ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ ነው። በባለ ሦስት ፀጉሯ ቀጭን ብሩሽ። ከአረንጓዴው ቦቲ ቀለም ላይ ቀይ ጨምሬ ቡናማ አደረግሁት።»

«ልጄ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም።»

ይሄኔ አባቷ ከመስኮቱ ዞረ። «ናሩሴ፣ ለግራጫው ብላችሁ ለቀቢዎቹ የላካችሁት ቀለም ውስጥ ቡናማ ነበረ?»

ናሩሴ ደብተሩን አገላበጠ። «ግራጫ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ የቆዳ ቀለም… ቡናማ የለም።»

«እና አንድ ሺህ ሁለት መቶ መስመር በምን ተሰመረ?»

ሁሉም ወደ እትዬ ኡጋጂን ዞሩ። ቀና ብለው ነበር። የተያዙት እሳቸው ይመስል ፊታቸው ቀልቷል።

«በራሴ ገንዘብ ሁለት ቆርቆሮ ቡናማ ገዛሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ናሙናው ላይ ስላለ። ኩባንያው መላክ የረሳው መስሎኝ።»

«እና ይህን ያህል ጊዜ ይህን ይዘው ዝም ይላሉ?» አለ ናሩሴ።

«ማኅተም ያለበትን ነገር እኔ ምን ብዬ?»

ናሩሴ ብዕሩን ዘጋው። ሲዘጋ «ቀጭ» ያለችው ድምፅ ለሱሚኮ ከምንም በላይ ጮኸባት። ወደ እሷ ዞሮ፣ አሁን ፈገግታ የሌለው ሰው ሆኖ፣ «ለምን?» አላት።

«አባዬ ሲፍቀው አይቼ ነበር። ተመልሶ እንዲያየው ብዬ ነው። ላጠፋው ነበር፤ ጥጡም በእጄ ነበር።»

«ሐሙስ ሌላ፣ ዛሬ ሌላ። በመሃል ስምንት ቀን አለ።»

«ፈራሁ።»

«ኮሞሪ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር» አለ አባቷ። «ማኅተሙ ግን የኔ ነው። የቤቴ ሰው እጅ ካረፈበት የኔ እጅ ነው። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ናሩሴ ደብተሩን ሳይጽፍበት ከደነው። አንድ ጊዜ አስነጠሰ፤ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ማንም ሳያይ «እንግዲህ አራት ናቸው» አለ። «ካርቶኑ ላይ አምስት ተብሎ ታትሟል። ወረቀት እንለጥፍበታለን። ጭንቅላቶቹን አንድ ሠራተኛ ልኬ አሰበስባለሁ፤ ሰኞ መኪና ይወስዳቸዋል። በዚህ ዘመን ቪኒል አይጣልም፤ ተፈጭቶ የጫማ ሶል ይሆናል።» ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «እትዬ ኡጋጂን፣ የአራቱን ናሙና እንደያዙ ይቆዩ። የቡናማውን ዋጋም ደረሰኙን ይላኩልኝ።»

«ደረሰኝ አልተቀበልኩም» አሉ።

«እንዲሁ ይላኩልኝ።»

ሲወጡ ሪትሱኮ ወደ ኋላ ቀረች። በሩ ላይ ጫማዋን እያጠለቀች፣ ዓይኗን ከጫማዋ ሳታነሳ ተናገረች። «ትምህርት ቤት ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«ዓይኔን እያየሽ አላስተዋልኩም አልሽኝ።»

«ዓይንሽን አላየሁም። ጫማዬን ነበር የማየው።»

«እሱስ ይብሳል» አለች ሪትሱኮ፤ በሩንም ሳታላትም፣ ሳትዘጋም ወጣች። ሱሚኮ ጓደኛዋ ከመንገዱ ጫፍ እስክትታጠፍ ድረስ በተከፈተው በር ስታያት ቆየች። አልዞረችም።

ስትመለስ አባቷ ግራጫውን አሁንም እንደያዘ ነው። እናቷ ያልተጠጣውን ሻይ ሰብስባ ወጥታለች። ሱሚኮ ፊት ለፊቱ በጉልበቷ ተቀመጠች። እንዲቆጣት ጠበቀች። ቢቆጣት ይቀላት ነበር።

«ዝቅ ብሏል» አለ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«መስመሩ። የኔ ከዓይኑ ሽፋሽፍት ሥር ነበር የሚነሳው። አንቺ ጉንጩ ላይ ጀመርሽው። የተመታ ሰው ዓይኑን ለማዳን ፊቱን እንደዚህ ያዞራል፤ ስለዚህ ከላይ ነው የሚሰነጠቀው።» በጣቱ ፊቱ ላይ አሳያት። ከዚያ ጣቱ ወረደ። «ሰባት ወር ነው የሠራሁበት፣ ሱሚኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ቅር አላለኝም ብዬ አልዋሽሽም።»

«እሺ።»

«የዚያችን ሴት ግንባር ምንጣፍ ላይ ትተሽው ብትወጪ ግን…» አልጨረሰውም። ናሙናውን መደርደሪያው ላይ አቆመውና ተነሳ። «ጭንቅላቶቹ እስከ ሰኞ ከየቤቱ መሰብሰብ አለባቸው። ናሩሴ አንድ ሠራተኛ እልካለሁ ብሏል።»

«እኔ እሰበስባለሁ።»

አባቷ አያት። «አሥራ አራት ቤት ነው። ሠራተኛው ቢሄድ ‹ኩባንያው ሐሳቡን ለወጠ› ብሎ ተረክቦ ይወጣል። አንቺን ግን በየበሩ ለምን ይሉሻል።»

«አውቃለሁ» አለች። ጓዳ ገብታ ባዶ ካርቶኖች አወጣች። ከእናቷ ብስክሌት ኋላ በገመድ አሰረቻቸው። ገመዱ ሁለት ጊዜ ተፈታባት።

መንገዱ ላይ መጀመሪያ የሚገኘው የእትዬ ሞሮይ ቤት ነበር። እትዬ ሞሮይ ደግ ናቸው፤ ከሰሙም በኋላ «አይዞሽ» ብለው ከረሜላ የሚያስይዙ ዓይነት ናቸው። ሱሚኮ በራቸው ላይ ብሬክ ያዘች። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ፔዳሉን መልሳ ረገጠችና፣ ሰፈሩ በሙሉ ምላሳቸውን የሚፈራቸው እማማ ካንቤ በር ላይ ደርሳ ወረደች።

በሩ ገና ሳይንኳኳ ተከፈተ። እማማ ካንቤ ጣቶቻቸው በግራጫ ቀለም ተለውሰዋል። «አንቺ የኮሞሪ ልጅ! ብርዱን አታስገቢ፤ ወይ ግቢ ወይ ውጪ። ምንድነው ይሄ ሁሉ ካርቶን?»

«ጭንቅላቶቹን ልወስድ ነው የመጣሁት፣ እማማ። የግራጫውን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አሮጊቷ መስኮቱ ሥር የተደረደሩትን እንጨቶች ዞረው አዩ። ዘጠና ስድስት ጭንቅላቶች፤ ዘጠና ስድስት ጠባሳዎች። አንዱን ከነእንጨቱ መዘው ሱሚኮ አፍንጫ ሥር ደቀኑት።

«እይ! አንዱ ከአንዱ ይለያል? ይለያል ወይ? እነ ሞሮይ እንደ ትል ነው ያወፈሩት። እኔ ትንፋሼን ይዤ አንድ ጊዜ ነው የማሰምረው። ከናሙናው ይሄ ያንሳል?»

ሱሚኮ መስመሩን አየችው። ከራሷ መስመር የቀጠነና የቀና ነበር።

«ከናሙናው ይበልጣል» አለች።

«ታዲያ ምን ጎድሎት ነው የሚመለሰው?»

ሱሚኮ ካርቶኑን ደፉ ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች፤ አስተካክላ ወደ በሩ አዙራ አኖረችው፤ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት» አለች።